የፒኤችዲ ጥናት ክትትል በጅማ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጅማ ውስጥ የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ ከሆናችሁ፣ ከሰላምታ ቀጥሎ የምትሰሙት ጥያቄ «ጥናቱ የት ደረሰ?» የሚል ነው። ጎረቤት ይጠይቃል። የዲፓርትመንት ጸሐፊዋ ትጠይቃለች። ቡና የምታፈላው ልጅ ሳትቀር ትጠይቃለች። እኔም ለዓመታት ስጠየቅ ኖሬያለሁ። አሁን ተማሪዎችን አማክራለሁ፤ የስድስት ወር ሪፖርታቸውን ከሚያዩት መምህራን አንዱም ነኝ። ከዚህ በታች ያሉት በጅማ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች፣ ማለትም ዋናው ግቢ፣ ግብርና ኮሌጅና ኪቶ ፉርዲሳ ስመላለስ ደጋግሜ የምሰማቸው ጥያቄዎች ናቸው። ደንቡ ከፕሮግራም ፕሮግራም ይለያያልና፣ የቀን ገደብን በተመለከተ የራሳችሁን ሕግ ከድኅረ ምረቃ ቢሮ ወስዳችሁ አንብቡ።

ክትትል ሲባል ቁጥጥር ማለት አይደለም ወይ?

አይደለም። ግልገል ጊቤ ግድብ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ዩኒቨርሲቲያችን የሚያካሂደውን የሕዝብና የጤና ክትትል ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። መረጃ ሰብሳቢዎቹ ቤት ለቤት እየዞሩ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን ገባ፣ ማን ለቀቀ እያሉ ይመዘግባሉ። ማንንም ለመክሰስ አይደለም። ዛሬ ያልተመዘገበ ነገር ከሁለት ዓመት በኋላ በትክክል ስለማይገኝ ነው።

የፒኤችዲ ክትትልም እንደዚሁ ነው። በየጊዜው ቆም ብሎ «አሁን የት ነን? የት መሆን ነበረብን? ምን ያዘን?» ብሎ መጻፍ ነው። ጥቅሙ ችግሩን ገና ትንሽ ሳለ መያዝ ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል። አንድ ወር የዘገየን ተማሪ መርዳት ይቻላል። ሁለት ዓመት ለዘገየ ግን አማካሪውም ዲኑም ደብዳቤ ከመጻፍ ያለፈ ብዙ አይፈይዱለትም። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ጎበዝ ልጆች ነበሩ።

በዓመት ስንት ጊዜ ነው ሪፖርት የሚቀርበው?

የተለመደው በየስድስት ወሩ የጽሑፍ ሪፖርት፣ በዓመት አንዴ ደግሞ በዲፓርትመንቱ ፊት ሴሚናር ነው። ከዚያ ውጪ የሚታለፉት ትልልቅ በሮች አሉ፤ ኮርስ፣ ፕሮፖዛል ዲፌንስ (የጥናት ዕቅዱን በኮሚቴ ፊት አቅርቦ መከላከል)፣ የሥነ ምግባር ፈቃድ (ጥናቱ ተሳታፊዎችን እንደማይጎዳ ታይቶ የሚሰጥ)፣ ዳታ፣ ጽሑፍ፣ የመጨረሻው ዲፌንስ። የሥነ ምግባር ፈቃዱ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ለአንድ ዓመት መሆኑን አትርሱ። ዳታ እየሰበሰቡ ቀኑ ያለፈባቸው አሉ።

ግን ስድስት ወር ረጅም ነው። ዋናው ክትትል በሁለት ሳምንት አንዴ፣ ቢበዛ በወር አንዴ ከአማካሪ ጋር የሚደረገው ግማሽ ሰዓት ነው። ያ ካለ የስድስት ወሩ ሪፖርት በአንድ ማታ ይጻፋል። ያ ከሌለ ሪፖርቱ ድርሰት ይሆናል።

ሪፖርቱ ላይ ምን ልጻፍ? «ጥናቱ በጥሩ ሁኔታ ላይ ነው» ብል አይበቃም?

አይበቃም። በብዛት የሚደርሰኝ ሪፖርት «ዳታ በመሰብሰብ ላይ ነው፤ በቀጣይ ስድስት ወር ይጠናቀቃል» ይላል። ከስድስት ወር በኋላም ያችኑ ዓረፍተ ነገር አገኛታለሁ። ቀኑ ብቻ ተቀይሯል።

አንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። ስንት ቤተሰብ መጠየቅ እንዳለበት የሚነግረውን የተለመደውን የናሙና ስሌት እንውሰድ። 384 ይወጣል፤ መልስ ለማይሰጡ 10 በመቶ ሲጨመርበት 423 ይሆናል። ተማሪው ለሦስት ወረዳ አካፍሎታል፣ ለእያንዳንዱ 141 ቤተሰብ። እንግዲህ ጥሩ ሪፖርት እንዲህ ይላል፦

«ከ423 ቤተሰቦች 237 ተጠይቀዋል። ጎማ ወረዳ 141ዱም አልቋል። ሰቃ ጨቆርሳ 96 ተሠርቶ 45 ይቀራል። ጌራ አልተጀመረም፤ መንገዱ በዝናብ ምክንያት ለሞተርም አስቸጋሪ ነበር። ቀሪው 186 ቤተሰብ ነው። አራት ጠያቂዎች በቀን 24 ስለሚጨርሱ 8 የሥራ ቀን ያስፈልጋል። የጠያቂዎች አበል ለአምስት ቀን ብቻ ነው ያለው።»

ስድስት መስመር አይሞላም። ግን ያነበበው ሰው ምን መርዳት እንዳለበት ወዲያው ይገባዋል። የሦስት ቀን አበል ነው የጎደለው። እሱ ደግሞ በአንድ የድጋፍ ደብዳቤ ሊፈታ ይችላል። «በመሰብሰብ ላይ ነው» ቢል ኖሮ ማንም የሚረዳው አልነበረም።

ስለዚህ ቁጥር ጻፉ። ምን ያህል ተሠራ፣ ምን ያህል ቀረ፣ ምን ያዘው፣ ማን ቢያግዝ ይፈታል። ያልተሳካውንም ጻፉ። ብዙ ተማሪ ያልተሳካውን ቢጽፍ የሚቀጣ ይመስለዋል። እኔ ግን ሁሉም ነገር የተሳካበት ሪፖርት ሲመጣልኝ ነው የምደነግጠው።

ዕቅዴን ለሜዳ ሥራ እንዴት ላውጣው? ሁሌም ይዘገይብኛል።

አብዛኛው ዕቅድ የሚዘገየው ተማሪው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ዕቅዱ የወጣው በኮምፒውተር ላይ ስለሆነ ነው። በኮምፒውተሩ ላይ ኅዳርና የካቲት አንድ ዓይነት ካሬ ናቸው። ጅማ ላይ ግን አይደሉም።

ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ ይበረታል። ወደ ጌራና ወደ ዴዶ ገጠር ቀበሌዎች መግባት ይከብዳል። ጥቅምት ላይ መንገዱ ይደርቃል፤ ተማሪውም «አሁን ነው» ብሎ ይነሳል። ያኔ ደግሞ የቡና ለቀማ ገብቷል። እስከ ታኅሣሥ ገበሬው ከነቤተሰቡ ማሳ ላይ ነው፤ ከማሳ ሲመለስም ያሰጣውን ቡና ያገላብጣል። አንድ ቀን ጎማ ውስጥ አንድ አባት ጋ ደርሰን «አባባ፣ አንድ ሰዓት ይስጡን» አልናቸው። ቡናው የተሰጣበት የማድረቂያ አልጋ አጠገብ ቆመው፣ ቀና ሳይሉ፣ በእጃቸው የጠቆረውን ፍሬ እየለቀሙ አዳመጡን። ከዚያ ሰማዩን አዩና «ልጆቼ፣ ዝናብ ሳይመጣ ይህን ልሰብስብ፤ ከጥምቀት በኋላ ኑ» አሉን። ልክ ነበሩ። ከጥምቀት በኋላ ሄድን፣ ቡና ተፈልቶ ተቀበሉን፣ አንድ ሰዓት ያልነው ሁለት ሰዓት ሆነ።

ለቤት ለቤት ጥናት እንግዲህ ከጥር እስከ መጋቢት ያለው ጊዜ ወርቅ ነው። እሱ ካመለጣችሁ ዓመት ሊሄድ ይችላል። በረመዳን ወር ደግሞ የቃለ መጠይቁን ሰዓት ወደ ጠዋት አምጡት፤ የጾመ ሰው ከሰዓት በኋላ ይደክመዋል። እነዚህን ነገሮች ዕቅዱ ላይ ጻፏቸው። ክትትል የሚያደርገው ኮሚቴም «ጥር ላይ ለመውጣት ዝግጁ ነህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ያለበት መስከረም ላይ ነው። የካቲት ላይ ቢጠይቅ ምን ይጠቅማል?

ጥናቴ ቡና ላይ ነው። በአራት ዓመት ይደርሳል?

ከምን እንደምትነሱ ይወሰናል። ቡና ከተተከለ በኋላ የመጀመሪያ ምርቱን ለመስጠት ከ3 እስከ 4 ዓመት ይፈልጋል። ከዚያ በኋላም አንድ ዓመት በደንብ ከሰጠ በቀጣዩ ይቀንሳል፤ የአንድ ዓመት ምርት ብቻ ለክቶ ማውራት አይቻልም። ስለዚህ ችግኝ ተክሎ ምርት ለመለካት ያቀደ ፕሮፖዛል ገና ከመጀመሪያው ቀን የዘገየ ነው። መልኮ ያለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ እየሠራ ነው፤ ቀድሞ በተተከለ ቡና ላይ መሥራት ይቻል እንደሆነ በጊዜ ጠይቁ። ችግኝ ላይ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ጥያቄያችሁ በችግኝ ዕድሜ የሚመለስ ይሁን። ይህ የፕሮፖዛል ጉዳይ ይመስላል እንጂ የክትትል ጉዳይም ነው። ኮሚቴው ዲፌንስ ላይ ስለ ዘዴው ብቻ ሳይሆን ስለ ጊዜውም ቢጠይቅ ብዙ ሰው ይድን ነበር።

መጠይቁን ወደ አፋን ኦሮሞ ማስተርጎም ዕቅድ ውስጥ ይገባል?

ይገባል፤ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈው ወደ አፋን ኦሮሞ ይተረጎማል። ሌላ ሰው መልሶ ወደ እንግሊዝኛ ይተረጉመዋል። ሁለቱ ይመሳከራሉ፣ ከዚያ በጥቂት ሰዎች ላይ ይሞከራል። ዕቅድ ላይ ብዙ ጊዜ ቦታ አይሰጠውም፤ ሲሠራ ግን ወር ይበላል። አንዳንዴ አንድ ቃል ብቻ ሳምንት ያቆያል። «ጭንቀት» የሚለው ቃል ገጠር ላይ ድካምን ነው፣ ሐዘንን ነው፣ ወይስ ሐሳብ ማብዛትን? ይህን ሳይለዩ መውጣት ዳታውን ማበላሸት ነው። አፋን ኦሮሞ የአፍ መፍቻችሁ ቢሆንም ይህን ደረጃ አትዝለሉ።

አማካሪዬን ማግኘት አልቻልኩም። ምን ላድርግ?

ከሁሉም በላይ የምጠየቀው ይህን ነው። ልብ ይነካል። ሰው ቢሮ በር ላይ ቆሞ ይመለሳል፣ ይደውላል፣ «ስብሰባ ላይ ነኝ» ይባላል። ወር ያልፋል። ከዚያ ማፈር ይመጣል። «ምንም ሳልሠራ እንዴት ዓይኑን አያለሁ?» ብሎ ተማሪው ራሱ መሸሽ ይጀምራል። አማካሪው ደግሞ «ልጁ ጠፋ» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

መጀመሪያ «ሲመችዎት» የሚለውን ቃል ተዉት። አክብሮት ነው፤ ግን ቀን የለውም። «ዶክተር፣ ማክሰኞ 4 ሰዓት ላይ ለሃያ ደቂቃ ብመጣ ይመችዎታል? ይዤ የምመጣው የሁለተኛውን ምዕራፍ ሠንጠረዥ ነው፤ የምፈልገው ውሳኔ የትኛውን ሞዴል ልጠቀም የሚለውን ነው» ብላችሁ ጻፉ። የሚወስነው ነገር ከፊቱ ከተቀመጠለት፣ ሥራ የበዛበት ሰውም ሃያ ደቂቃ አያጣም። አርባ ገጽ ልኮ «አስተያየትዎን እጠብቃለሁ» ማለት ግን ማስጠበቅ ነው።

ሁለተኛ፣ ከእያንዳንዱ ውይይት በኋላ የተስማማችሁበትን በዚያው ቀን በጽሑፍ ላኩ። «ዛሬ በተነጋገርነው መሠረት ይህን እስከዚህ ቀን እሠራለሁ፤ እርስዎ ደግሞ ይህን እስከዚህ ቀን ያዩልኛል።» ክስ አይደለም። የሁለታችሁም ማስታወሻ ነው።

ይህ ሁሉ ሆኖ ሁለት ወር ምላሽ ከሌለ፣ በአክብሮት ወደ ዲፓርትመንት ኃላፊው ሂዱ። መልእክቶቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ በባዶ እጅ የቀረበ አቤቱታ ሐሜት ይመስላል። የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ሳልዝበርግ ላይ ባወጡት የዶክትሬት መርሆዎች፣ የማማከሩ ኃላፊነት የተማሪው፣ የአማካሪውና የተቋሙ የጋራ እንደሆነ ተቀምጧል። እኔም የማምነው ይህን ነው። ተማሪው ብቻውን የሚሸከመው ጉዳይ አይደለም።

አማካሪ መቀየር ይቻላል?

ይቻላል፤ በደንቡ መሠረት በጽሑፍ ይጠየቃል። በመጀመሪያው ዓመት ከሆነ ጉዳቱ ትንሽ ነው። ዳታ ከተሰበሰበ በኋላ ግን ዳታው የማን ነው፣ ጽሑፉ ላይ ማን ይገባል የሚል ጥያቄ ይነሳል። ከመቀየር በፊት ሁለተኛ አማካሪ ማስጨመርን አስቡበት። ብዙ ጊዜ ያ ይበቃል።

አንዱ አማካሪዬ ውጭ አገር ነው። እንዴት እንከታተል?

ጅማ ከውጭ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር በጋራ የሚሠሩ የዶክትሬት ተማሪዎች ያሉባት ከተማ ናት። ትልቁ ችግር ርቀቱ አይደለም። ሁለት አማካሪዎች ለየብቻ ሁለት የተለያየ ነገር ሲያዙ ነው። አንዱ «ናሙናውን ጨምር» ይላል፣ ሌላው «በቃህ፣ መጻፍ ጀምር» ይላል። ተማሪው መሐል ላይ ሁለቱንም ለማስደሰት ሲሮጥ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ይሆንበታል። ስለዚህ ቢያንስ በሦስት ወር አንዴ ሦስታችሁም በአንድ ጥሪ ላይ ተገናኙ። ማስታወሻው ለሁለቱም እኩል ይላክ። ኔትወርክ ቢቆራረጥ ቪዲዮውን አጥፍታችሁ በድምፅ ቀጥሉ፤ ሠንጠረዡን ቀድማችሁ በኢሜይል ላኩ።

ላብራቶሪ ላይ በራሴ ጥፋት ያልሆነ መዘግየት ገጠመኝ። ይቆጠርብኛል?

ካልመዘገባችሁት ይቆጠርባችኋል። ይህን የምናገረው ከራሴ ነው። ያኔ እሠራበት በነበረ አንድ ላብራቶሪ አንድ ቅዳሜ መብራት ጠፋ፤ ጄኔሬተሩም ነዳጅ አልነበረውም። ሰኞ ጠዋት ፍሪዘሩን ስከፍት በረዶው ቀልጦ ወለሉ ላይ ፈሷል። በማርከር የጻፍኩባቸው ትንንሽ ቱቦዎች ውሃ ላይ ይንሳፈፋሉ። አንዳንዶቹ ላይ ቁጥሩ ለቋል። የአራት ወር ናሙና ነበር። ቁጭ ብዬ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ በሶፍት አደረቅኋቸው፤ ምንም እንደማይጠቅም እያወቅሁ።

ሪፖርቴ ላይ የጻፍኩት «በላብራቶሪ ችግር ምክንያት ዘግይቷል» የሚል ብቻ ነበር። ቆይቶ ማራዘሚያ ስጠይቅ ኮሚቴው «መቼ? ስንት ናሙና? ለማን አሳወቅህ?» አለኝ። ጥያቄው ትክክል ነበር። መልስ አልነበረኝም።

ስለዚህ በዚያው ቀን ፎቶ አንሱ። ለአማካሪና ለላብራቶሪው ኃላፊ ቀኑንና የተበላሸውን ቁጥር ጻፉ። የታዘዘ ኬሚካል ሲዘገይም እንዲሁ፤ የግዢ ጥያቄው የገባበትን ቀን ያዙ። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ወራት ሊወስድ ይችላልና ትእዛዙ ፕሮፖዛሉ እንደጸደቀ ይግባ። ናሙናውን ለሁለት ከፍላችሁ ሌላ ቦታ ማስቀመጥ ከቻላችሁ ደግሞ አታመንቱ።

መምህርም ተማሪም ነኝ። የማስተምረው ክሬዲት እየበዛብኝ ነው።

ብዙዎቻችን እንዲሁ ነው የጨረስነው። የማስተማር ጫናችሁን በቁጥር ሪፖርቱ ላይ አስገቡት፤ በሳምንት ስንት ሰዓት፣ ስንት ተማሪ፣ ስንት የመመረቂያ ጽሑፍ ታማክራላችሁ። ያልተጻፈ ጫና አይታይም። ከዚያ በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን ለጥናቱ እንዲለቀቅላችሁ ከዲፓርትመንቱ ጋር ተነጋገሩ። ማታ ማታ እሠራለሁ የሚለው አይሆንም፤ ሞክሬዋለሁ።

አማካሪ ነኝ። ስድስት ተማሪ አለኝ። ሳላስጨንቃቸው እንዴት ልከታተል?

ወዳጄ፣ ቋሚ ቀን ይኑራችሁ። ለምሳሌ ሐሙስ ከሰዓት የፒኤችዲ ተማሪዎች ቀን ይሁን፤ ስብሰባ ቢጠሩህም አትቅር። ሲመጡ «ምን ሠራህ?» ብለህ አትጀምር። «ምን አስቸገረህ?» በል። የመጀመሪያው ጥያቄ ሰበብ ያስደረድራል። ሁለተኛው እውነቱን ያወጣል።

በወር አንዴ ስድስቱንም አንድ ላይ ሰብስባቸው። አንዱ የተጣበቀበትን ሌላው ባለፈው ዓመት አልፎታል፤ አንተ የማታውቀውን የስታቲስቲክስ ትእዛዝ እርስ በርስ ይማማራሉ። አስተያየት የምትሰጥበትንም ቀን ቁረጥ። ተማሪውን በቀን ይዘህ አንተ ቀን ከሌለህ ክትትሉ ለይስሙላ ነው። አንድ ምዕራፍ በሁለት ሳምንት ካልመለስክ ቢያንስ «አልደረስኩበትም፤ እስከ ሰኞ» ብለህ ጻፍለት።

ተማሪው ጭራሽ ጠፍቷል። ማስጠንቀቂያ እንጻፍ?

መጀመሪያ ደውሉ። ካልተነሳ ጓደኛውን ጠይቁ። ደብዳቤው ከዚያ በኋላ ይድረስ። በቤልጂየም ፍላንደርስ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት 3,659 የዶክትሬት ተማሪዎችን አይቶ፣ ከሦስቱ አንዱ ገደማ ለአእምሮ ጤና ችግር የተጋለጠ መሆኑን አሳይቷል። የአማካሪው የአመራር ዘይቤ፣ የሥራ ጫናና የቤተሰብ ሕይወት ከዚህ ጋር ተያይዘው ተገኝተዋል። እዚያ ደመወዝና ላብራቶሪ የተሟላለት ተማሪ እንዲህ ከሆነ፣ እዚህ ልጁን ትቶ፣ በአበል እየኖረ የሚማረውን አስቡት። ሆስፒታላችን የሥነ አእምሮ ክፍል አለው፤ ወደዚያ መሄድ ነውር አይደለም።

ሲመለስ የሦስት ወር አጭር ዕቅድ አብራችሁ ሥሩ። ትንሽ፣ የሚለካ፣ የሚደረስበት። ያ ካልሆነ ብቻ ወደ ማስጠንቀቂያና ወደ ካውንስል ውሳኔ ይኬዳል።

ልወልድ ነው። ምን ላድርግ?

በመጀመሪያ እንኳን ደስ ያለሽ። ከሥራ የምትወስጂው የወሊድ ፈቃድና ከትምህርት የምታቋርጪበት ማመልከቻ ሁለት የተለያዩ ወረቀቶች ናቸው። ሁለቱንም አስገቢ። የሰው ኃይል ቢሮ ስላወቀ ሬጅስትራር ያውቃል ብለሽ እንዳትቀመጪ፤ የፕሮግራሙ ጊዜ ዝም ብሎ እየቆጠረ ሊቀጥል ይችላል። የሥነ ምግባር ፈቃድሽ የሚያበቃበትንም ቀን እዪው። ለመመለስ የምታስቢበትን ሴሚስተርም ማመልከቻው ላይ አስገቢው።

ጽሑፍ ማሳተም እንደ ዕድገት ይቆጠራል?

ብዙ ፕሮግራሞች ከመጨረሻው ዲፌንስ በፊት የታተመ ወይም ተቀባይነት ያገኘ ጽሑፍ ይጠይቃሉ። ግምገማ ወራት ስለሚወስድ የመጀመሪያውን ቀድማችሁ ላኩ። ገንዘብ ከፍላችሁ በሳምንት የሚያትም ጆርናል ካገኛችሁ ሽሹ። ከመላካችሁ በፊት ተቀባይነት ያላቸውን ጆርናሎች ዝርዝር ከቤተ መጻሕፍቱ ወይም ከአማካሪ ጋር አረጋግጡ።

ይህን ሁሉ የት ልመዝግበው?

ተራ ደብተር ይበቃል። ከውይይት ወጥታችሁ ባጃጅ ከመያዛችሁ በፊት አምስት መስመር ጻፉ፦ ቀን፤ ምን አሳየሁ፤ ምን ተባልኩ፤ ምን ልሠራ ተስማማሁ፤ ማን ምን ሊያደርግልኝ ቃል ገባ። ማታ እጽፈዋለሁ ካላችሁ ግማሹ ይረሳል። ገጹን ፎቶ አንስታችሁ ለአማካሪው በቴሌግራም ላኩ። የድምፅ መልእክት አትላኩ፤ ከዓመት በኋላ ፈልጎ ማግኘት አይቻልም። ከአምስቱ መስመር ሥር ደግሞ የቀጣዩን ቀጠሮ ቀንና ሰዓት አስፍሩ። ቀኑ ካልተቆረጠ ከቢሮው አትውጡ።